የአርዜላ ሳፋ

አርዜላ ግሪየርን የበደላት ሰው ሆሴያ ቶሊቨር ይባላል። እሷ ግን ይህን ስም ከአፏ ካወጣች ስንትና ስንት ዘመኗ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያች የሚሲሲፒ የጥጥ መንደር፣ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ አደንጓሬ ትፈለፍላለች። ጎረቤቷ ሎቲ ከጎኗ አለች። ከበለሱ ዛፍ ወዲያ፣ በእህቱ ልጅ በረንዳ ላይ ደግሞ ትናንት ከቺካጎ የገባው ሆሴያ ራሱ፣ ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቶ የቤዝ ጊታሩን ክር ይቀይራል። ነገ የቤተ ክርስቲያኑ የመመለሻ እሑድ ነው፤ ርቀው የሄዱ ሁሉ ወደ አገራቸው የሚመጡበት። አርዜላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሎቲዬ፣ ጆሮሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ያመመሽ ግራው ነበር ቀኙ? … እንዳይደክምሽ ብዬ ነው ጮክ የምለው። ሰው ሲያረጅ ጮክ ብለው ካልነገሩት አይሰማም። አንዳንዱማ በወጣትነቱም አልሰማ።»

የሎቲ ጆሮ ደህና ነው። ምስጥ ስትራመድ ትሰማለች።

«ዝናቡ ዘንድሮ ደግ ነው መቼም። አደንጓሬው እንዴት እንዳማረ አየሽልኝ? ፍሬው ሙሉ ነው። የዛሬ ዓመት ትዝ አይልሽም? ቅርፊቱ ከላይ ሲያዩት ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሲፈለፍሉት ባዶ። ከላይ ባርኔጣ፣ ከታች… ተይው። ስለ አደንጓሬ ነው የማወራው።

«በሰፈሩ እንግዳ መጥቷል አሉ። እሰይ፣ እንኳን ደህና መጡ። ትናንት ባርኔጣቸውን ከሩቅ ሳየው የአስከሬን ቤቱ ሰውዬ መስሎኝ፣ ማን ሞተብን ብዬ ደንግጬ ነበር። ለካ እሳቸው ኖረዋል። ትልቅ ሰው ሆነዋል እኮ። ቤዝ መቺ። ቤዝ መቺ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? አንዱ ከፊት ሆኖ ይዘፍናል፣ አንዱ ጊታሩን ያስለቅሳል፣ ሴቱም ወንዱም እነሱን ያያል። ከኋላ፣ ከበሮው አጠገብ፣ መብራቱ ከማይደርስበት ጥግ አንድ ሰው ቆሞ ዱም… ዱም… ይላል። እሳቸው ናቸው። ትሕትና ነው ሎቲ። ዕድሜን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ሳይታዩ መኖር ቀላል እንዳይመስልሽ። ዶሮ የሰረቀ ሰው ካልሆነ በቀር ማን ይችለዋል?

«ክሩም አራት ነው። የጊታረኛው ስድስት፣ የእሳቸው አራት። ድሮ እዚህ ሳሉ ስንት ነበር? አንዲት። ከአንዲት ክር ተነስቶ በስተርጅና አራት መድረስ… ጎበዝ ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? የእሳቸው እንቁላልማ ቺካጎ ድረስ ነው የሄደው። መፈልፈሉን እንጃ።

«ባሕር ማዶም ተሻግረው መትተዋል አሉ። እዚያ ያለው ሰው ብሉዝ የሚባለውን ዘፈናችንን የሚሰማው ቁጭ ብሎ ነው፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ለቀስተኛ። እኛ ጋ ደህና ቤዝ መቺ ክሩን ከነካ ሽማግሌው ከዘራውን ይጥላል፣ አሮጊቷም ወገቧን ትረሳዋለች። እሳቸው መትተው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አርፎ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ስጦታ ከየት ይገኛል?

«ጋዜጣውንም የፓስተሩ ልጅ አነበበችልኝ። ‹ቤዝ ማን አስተማረዎት?› ሲሏቸው ‹ወንዙ› አሉ። ወንዙ… እውነታቸውን ነው። ወንዙ ዳር ማን ልብስ ታጥብ እንደነበረ ግን ጋዜጠኛው አልጠየቃቸውም። ትልቁን የቆርቆሮ ሳፋዬን ገልብጦ፣ ቂጡን በምስማር በስቶ፣ የልብስ ማስጫ ገመዴን አስሮ፣ በመጥረጊያዬ እንጨት ወጥሮ ዱም ዱም ሲል የዋለው ወንዙ ነበር? የነጮቹ አንሶላ ሁሉ በዚያ ሳፋ ነበር የሚታጠብ። እኔና እናቴ እንጀራችንን የምንበላው በዚያ ሳፋ ነበር። ‹ለአንድ ቀን ነው አርዜላዬ፣ ቀዳዳዋን ነገ በሬንጅ እደፍንልሻለሁ› አለኝ፣ ያ ምላሱ… ማለቴ፣ አሉኝ። እሳቸው። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለሌላ ሰው ሳፋ ነው። የኔስ በምስማር ነው።

«ዘፈኑን መቼም ታውቂዋለሽ። የማያውቀው አለ? ራዲዮው ራሱ እስኪታክተው የጮኸው፦

አታልቅሺ አርዜላ፣ ኮቴን ልቀቂልኝ፣
ባቡሬ ደረሰ፣ አትንበርከኪልኝ።

«አቤት ማማሩ። ስሜን አገር ለአገር አዞሩልኝ፤ ምን ጎደለብኝ? ከዚያ ወዲህ የጥጥ መዳመጫው ወንዶች በደጄ ሲያልፉ ‹አርዜላ፣ ዛሬስ አለቀስሽ?› ሳይሉ አያልፉም ነበር። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሠርጋችን ማግስት ‹እውነት ተንበርክከሽ ነበር?› ብሎ ጠየቀኝ። አልተጣላንም። ግን እስኪሞት ድረስ ባቡር ባፏጨ ቁጥር ሰረቅ አድርጎ ፊቴን ያይ ነበር። … ዘፈን ደግ ነገር ነው። ቤት ድረስ ይገባል።

«እሳቸው ውሸት አይሆንላቸውም ደግሞ። ባቡር ጣቢያው ድረስ ሮጬ የለ? ሮጫለሁ። አገር አይቶኛል። ኮቱን አልያዝኩም? ይዣለሁ። አልተንበረከክሁም? ተንበርክኬያለሁ እንጂ። ሳፋዬ ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር ነበራ የተደበቀው፣ ኮት ተጥሎበት፣ እንደ ታመመ ሕፃን ተሸፋፍኖ። ሰው ሳይንበረከክ ከአግዳሚ ሥር ሳፋ የሚያወጣበት ጥበብ ካለ ቺካጎ ያለው ይንገረን። እኔ በአንድ እጀታ፣ እሱ በሌላው ስንጓተት ባቡሩ መጣ። እሱ ከነሳፋው ዘሎ ገባ። እኔ ከነእጀታው ቀረሁ። ሌላዋ ከሚሄድ ወንድ ቀለበት ይቀርላታል፤ እኔ አንድ የሳፋ እጀታ ቀረልኝ። ጓዳ ተሰቅሏል፤ አይተሽው የለ?

«እንባ? … ነበር። የባቡር ጭስ ዓይን ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያደርግ አንቺም ታውቂዋለሽ። ረጅም ባቡር ነበር ሎቲ። ጭሱ… ብዙ ነበር።»

ከበለሱ ወዲያ ክር ማጥበቁ ቆመ። አርዜላ ይህን ሰምታ አንዲት አደንጓሬ ሁለት ጊዜ ፈለፈለች።

«ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ የእሳቸው ዘፈን። እስኪ ከጻፉት ሁሉ የማታለቅስ ሴት ያለችበትን አንድ ንገሪኝ። ሁሏም ታለቅሳለች፣ ሁሏም ጣቢያ ቆማ። ሐዲዱ በጎርፍ አለመወሰዱ ይገርመኛል። ምናለ አንዲቷ እንኳ ‹መልካም መንገድ› ብላ በሯን ብትዘጋ? ዜማ አይመጣም ይሆናላ። ወይም እንዲህ ያለች ሴት አላጋጠማቸውም። እንግዲህ ማን ያውቃል… ሴት ሁሉ ሳፋ አይኖረውም።

«ነገ ከጸሎት በኋላ ደግሞ ጣቢያው ላይ ሰሌዳ ይተከላል አሉ። በእንጨት ተቀርጾ፣ ‹የዘፈኑ አርዜላ ያለቀሰችው እዚህ ነው› የሚል። ጥሩ ነው። ሰው ሲሞት ስሙ ይቀራል። እኔ እሞታለሁ፣ እንጨቱ ሲያለቅስልኝ ይኖራል። የልጅ ልጆቼም ባለፉ ባገደሙ ቁጥር የአያታቸውን የተንበረከከ ጉልበት ያዩበታል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ጅቡስ ጨዋ ኖሯል። ቢያንስ የማያውቁት አገር ድረስ ሄደ። በሚያውቁት አገር ተመልሶ ሰሌዳ ትከሉልኝ የሚለውን ግን… እኔ ስለ ጅብ ምን አውቃለሁ።

«አንዲት ቃል ሰው ፊት ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ‹ሳፋዋን ፈልጋ ነው የመጣች› ቢሉ። አፍ አይጎዳም፣ ዘፈንም አያበላሽ። ግን ቤዝ መቺ መች ይናገራል? ከኋላ ነው የሚቆም።

«ጠዋት በቤተ ክርስቲያን እንዲመቱልን ፓስተሩ ለምነዋቸው እሺ ብለዋል። እሰይ። ደንባችንን ረስተውት እንደሆነ አንቺ አስታውሻቸው፤ እኔ ከትልቅ ሰው ጋር መነጋገር አላውቅበትም። እኛ ጋ ዜማ ያነሳ ነው የሚመራ። እኔ ስንኙን አወርዳለሁ፣ ጉባኤው ተቀብሎ ይመልሳል፣ መሣሪያ የያዘም ይከተላል። የተነሳ ዜማ ማቋረጥ ነውር ነው፤ ፓስተሩም አያቋርጥ። እናቴ ስታነሳ ኖረች፣ አሁን እኔ ነኝ የማነሳ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲከተሉ ነው የኖሩ፤ አይከብዳቸውም።

«እኔማ ልመርቃቸው አስቤ ነበር፣ አሁን፣ እዚሁ። ግን ለነገ አቆየሁላቸው። ምርቃት በጉባኤ ነው የሚያምር፤ አሜን የሚለው ሲበዛ ቶሎ ይደርሳል። … በይ እንግዲህ፣ አደንጓሬውን አንሺልኝ። አዎ፣ በዚህችው ሳህን፣ ሁለት ጊዜ ትመላለሻለሽ። ትልቅ ሳፋ ከየት ላምጣልሽ እህቴ?»

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ከቺካጎም ከዲትሮይትም በመጣ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አርዜላ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አሮጊቶቹ ከሚቀመጡበት ከእናቶች ወንበር ተነሳች። ሆሴያ ከፒያኖው አጠገብ፣ እንደ ልማዱ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፣ ቤዙን አንግቶ ቆሟል። ያነሳችው ዜማ የራሱ ነበር፤ ያው የጣቢያው ዘፈን፣ እንደ አሮጌ መዝሙር አዝግማ፣ ሰው መጀመሪያ ሳይለየው። ጣቶቹ ግን ከእሱ ቀድመው አወቁት፤ ሳያስፈቅዱት ገቡበት። ሲነቃ ማቆም አልቻለም፤ የተነሳ ዜማ አይቋረጥም። ሎቲ ከፊት ወንበር አንገቷን ደፍታለች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል።

አርዜላ ዞራ ዓይኑን አየችው፣ ከጣቢያው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ልጅ እንደምትመርቅ እናት ቀኝ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። ከጣቶቿ ላይ የዛገ የሳፋ እጀታ ተንጠልጥሏል። ስንኙን በለሰለሰ ድምፅ አወረደች። ጉባኤውም ጣራው እስኪነሳ ተቀብሎ መለሰላት፣ የሆሴያ ቤዝ ከሥር ዱም… ዱም… እያለ፦

ጌታ ሆይ ዕድሜውን እንደ ወንዝ አርዝመው፣
ሳፋዬን ሳይመልስ ሞት እንዳይቀድመው።