ጠያቂ የበዛበት እግር

የእግሬ አውራ ጣት ትንሽ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ቱላ ከተማ ብቻዬን ወደምኖርበት ቤት ስመለስ፣ ሐኪሙ የነገረኝ "እግርሽን ትራስ ላይ ሰቅለሽ ተኚ" ብሎ ነበር። ማን ያስተኛኛል! አብረውኝ የሚያስተምሩት መጡ፤ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሊጸልዩልኝ መጡ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግድግዳ ተደግፌ፣ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ግቢውን አቋርጬ እከፍታለሁ። የገባው ሁሉ ደግሞ "ውይ፣ ለምን ተነሳሽ?" ይለኛል። ተቀምጬ ሳጫውታቸው እግሬ ይነዝረኛል፤ ሂዱ አይባል ነገር።

ጎረቤቴ እማማ ዳንጊሴ ሙዝ ይዘው ሲመጡ በፋሻው ላይ ደም ወጥቶ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩት።

"በር ማነው የሚከፍተው?"

"እኔ ነኛ፣ እማማ።"

በርጩማዬን አንስተው ወጡ። ግራ ገባኝ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እንደምንም ልነሳ ስል የእማማን ድምፅ ከግቢው በር ላይ ሰማሁ።

"ተኝታለች። ጌታ ይማርሽ ብላችኋል እላታለሁ፤ በሉ ሂዱ።"

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር። ይህን ስሰማ ግን እንባዬ መጣ፤ እሱን እንኳ ሳልጠርግ ተኛሁ።