የማይግባቡትን ኮምፒውተሮች ስላገናኘው ባለሙያ የተሰጠ ቃል

የምስክር መጠሪያ፦ ልብስ ሰፊ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤት
ዕድሜ፦ 43
አድራሻ፦ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ስፌት ቤቱ ያለበት ግቢ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጠዋት
ጉዳዩ፦ የክሊኒክ ኮምፒውተር ውስጥ ያለፈቃድ ገብቷል ስለተባለ ባለሙያ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ ወደ ጣቢያው በራሴ እግር መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪውን በዝምድናም ሆነ በጉርብትና አላውቀውም። ያየሁት ባለፈው ሳምንት ሰኞ በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሠራተኞቹ «ሽቦው» ብለው ይጠሩታል።

በዕለቱ ረፋዱ ላይ ስፌት ላይ እያለሁ የባለቤቴ ረዳት ደውሎ፣ ባለቤቴ መሪ እንደጨበጠ ትኩሳት አንቀጥቅጦት አውቶቡሱን እንደምንም ዳር አስይዞ መውደቁን ነገረኝ። ሆስፒታል ስደርስ ዓይኑ ተከፍቷል፣ እኔን ግን አላወቀኝም። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ መግባቱን ነግሮኝ መርፌ እንዲወጋ አዘዘ። ነርሷ መድኃኒቱን እየቀዳች «እናቴ፣ የማይስማማቸው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እህቴ ወልዳ ላርሳት ሄጄ በነበረበት ጊዜ በሰፈራችን ክሊኒክ ታክሞ እንደነበር፣ ስመለስም «መርፌው ትንሽ አሳክኮኝ ነበር» ከማለት በቀር ምንም እንዳልነገረኝ አስረዳሁ። ነርሷ ወደ ክሊኒኩ ደጋግማ ብትደውልም የሚያነሳ አልተገኘም። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ መጠበቅ አንችልም» አለ።

ሽቦው በዚያው ክፍል ጥግ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት የክሊኒኩና የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ዓይነታቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም። እሱ የሚያስገባው ፕሮግራም እንደ አስተርጓሚ መሃል ገብቶ የሚያግባባ ነው። ወደ እኛ ዞሮ እንዲህ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ዶክተር፣ የክሊኒኩ መስመር ተገናኝቷል። የተፈቀደልኝ ግን በፈጠራ ስም እንድሞክር ብቻ ነው፤ የእውነት ሰው ፋይል እንድከፍት አይደለም።» ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ሽቦው ባለቤቴን አየት አደረገውና «ይሁን፣ እኔ እጠየቅበታለሁ» ብሎ ስሙን አስገባ።

ፋይሉ ሲከፈት ነርሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። በእጇ የያዘችው ያው መድኃኒት ባለፈው ጊዜ ጉሮሮውን አሳብጦ ትንፋሽ አሳጥቶት ነበር። መርፌውን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ሐኪሙ ወዲያው ሌላ መድኃኒት አዘዘ። በማግስቱ ባለቤቴ ራሱን ሲያውቅ መጀመሪያ የጠየቀው «አውቶቡሱን ማን ያዘው?» ብሎ ነው። እኔም «ትንሽ አሳከከኝ ያልከኝ ይሄ ነው?» ስለው ሳቄና ለቅሶዬ ተቀላቀለብኝ።

ሽቦውን ላመሰግነው ስፈልግ ክሊኒኩ ከሶት መያዙን ሰማሁ። «እኔ እጠየቅበታለሁ» ያለውን ነገር ይጎዳዋል ብዬ ላለመናገር አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን «ሰውየው በአደባባይ ያደረገውን አንቺ ለምን ትደብቂዋለሽ?» አለኝ።

ትናንት ሁለታችን ክሊኒኩ ሄድን። ኃላፊዋ ሐኪም ባዕድ እጅ ማሽናቸው ውስጥ መግባቱን እንጂ ለምን እንደገባ አልሰማችም ነበር። ባለቤቴን ስታየው ደነገጠች፤ ያኔ ያከመችው እሷ ናት። «ጉሮሮዎ ያበጠው እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችው። የሆነውን ሁሉ ስንነግራት ቁጭ አለችና «እኔስ የጻፍኩት ሰው እንዲያነበው ብዬ አልነበር?» አለች። አሁን ቃሏን ለመስጠት ደጅ ከባለቤቴ ጎን ተራ ትጠብቃለች።

መርማሪው የባለቤቴ ፋይል በዚህ መንገድ በመከፈቱ ቅሬታ እንዳለን ጠይቀውኛል። እኔም ሆንኩ ባለቤቴ ቅሬታ የለንም። ሽቦው ዛሬ ከተፈታ እጁን መሳም እፈልጋለሁ፤ ይህም እንዲመዘገብልኝ ጠይቄያለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ስለማመሰግነው ብዬ የጨመርኩት፣ ስለማዝንለትም ብዬ የቀነስኩት የለም።

የምስክር ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል