በጥፍር ቀለም የተሰመረ መስመር

አባቶች፣ እናቶች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ከጌጫ ድረስ ዝናብ እየመታችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ የመቀሸሪያው ሠራተኞች፤ ጌታ ያጽናናችሁ። አሞጽ እባላለሁ። እዚሁ ቴፒ፣ ቡና መቀሸሪያው ውስጥ ከጋሼ ይሄይስ ጋር ዘጠኝ ዓመት በጥገና ሠርቻለሁ። እንድናገር የጠየቁኝ የጋሼ ባለቤት ወይዘሮ አማረች ናቸው። እንቢ ማለት ነበረብኝ። እንቢ ያላልኩት ማሽኑ ሰኞ ጠዋት ይነሳል ስለተባለ ነው። እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ አርባ ያህሉ ሰኞ እዚያ ማሽን አጠገብ ትቆማላችሁ። ስለዚህ ታገሡኝ።

ማክሰኞ የሆነውን ሰምታችኋል። ትልቁ ፑሊ፣ ያ ቺንጋው የሚዞርበት ብረት፣ ከቦታው ወልቆ የጋሼ ይሄይስን ደረት መታው። ሚዛን ሆስፒታል ሳንደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። እውነት ቀኑ ደርሶ ነው?

ጋሼ ይሄይስን የሚያውቅ ቀይ መስመሩን ያውቃል። ለማያውቅ ልንገር። ማሽን ሲንቀጠቀጥ ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው ዳዶ ይላላል። ድምፅ የለውም፣ ቀስ እያለ ነው። እሱ ታዲያ ዳዶውን አጥብቆ ሲጨርስ፣ ከዳዶው እስከ ብሎኑ ጫፍ አንድ ቀይ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ቀጥ ካለ ዳዶው አልተነቃነቀም። ከተሰበረ ዞሯል ማለት ነው። በምን ያሰምራል? በጥፍር ቀለም! ከልጁ ከሩሐማ እየለመነ። ሩሐማ፣ ስንቱን ጨረሰብሽ? ራሱ ሱቅ ገብቶ ሲገዛ የሳቃችሁበትም እዚህ አላችሁ። «እናንተ ሳቁ፣ ጣታችሁን ግን ቁጠሩ» ነበር መልሱ። የቤቱ አልጋ ብሎን እንኳ ተሰምሯል። ወይዘሮ አማረች «ይሄ ሰውዬ ነገ እኔንም ያሰምረኛል» ብለው አስቀውናል።

ጀይላን፣ ጥግ ይዘህ ቆመሃል፤ አይቼሃለሁ። ያን ቀን አስታውስ። አይሱዙህ ላይ ሰው ጭነህ ወደ ማሻ ልትወጣ ስትል ጋሼ ይሄይስ መጥቶ ከጎማው ፊት ቁጭ አለ። «ያሰመርኩልህ የጎማ ዳዶ መስመሩ ተሰብሯል» አለህ። አንተ ምን አልክ? «ሽማግሌው፣ ተነስልኝ፣ ገበያው አለፈብኝ!» ጥሩምባህን ነፋህ። አልተነሳም። ወርደህ ልትጎትተው ስትል ዳዶውን በሁለት ጣቱ አዞረልህ። በሁለት ጣት! ያን ዳገት ልትወጣ ነበር እኮ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኸው ቁጥር ከመኪና ወርደህ ነበር የምትሰላመው።

እንዲህ ያለ ሰው በላላ ዳዶ ይሞታል? አንዳችሁም ይሄን አልጠየቃችሁም?

ማክሰኞ ጠዋት አብሬው ነበርኩ። ባትሪውን አብርቶ የፑሊውን ዳዶዎች አንድ በአንድ አያቸው። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ብለዋል። አዲስ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። «አሞጽ፣ አንተ ነህ ያጠበቅካቸው?» አለኝ። «አዎ ጋሼ» አልኩት። «ጎበዝ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሄዶ ፑሊው አጠገብ ቆመ። «አስነሱት!» አለ።

አላጠበቅኳቸውም።

ያዙልኝ። ወይዘሮ አማረችን ያዙልኝ፣ እባካችሁ። ልጨርስ፤ ካልጨረስኩ ሌላም ሰው ይሞታል።

ከዚያ በፊት ባለው ቀን መኪኖች ደጅ ተሰልፈው ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኤፍሬም «ዛሬ ማሽኑ ከቆመ ጉዳችን ነው» አሉ። ሌላ አላሉም፤ ቀቡት አላሉም። እሱን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ለምሳ ሲቆም ገብቼ አየሁ፤ የፑሊው መስመሮች ተሰብረዋል። ማጥበቅ ማለት ቺንጋውን ማውለቅ፣ ሽፋኑን ማውረድ፣ ግማሽ ቀን መቆም ነው። ጋሼ ይሄይስ ቢያይ ያቆመዋል፤ ማንንም አይሰማም። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ የተሰበረውን መስመር ጠረግኩ። በራሱ በጥፍር ቀለሙ ቀጥ አድርጌ አሰመርኩ። ቁልፍ በእጄ አልነካሁም። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በልቤም «ነገ አጠብቀዋለሁ» አልኩ።

ደግሞ የመጀመሪያዬ አልነበረም። በዚህ የቡና ወቅት ስንት ዳዶ እንዲህ እንደቀባሁ አላውቅም። ስድስቱን አስታውሳለሁ፤ ግን ከዚያ ይበልጣል። የእሱን መስመር ከእኔ መስመር መለየት አይቻልም። ቀለሙ አንድ ነው፣ አሰማመሩንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ማሽኑን ብታዩት ዳር እስከ ዳር ያማረ ነው። ያ ነው የሚያስፈራኝ። ሰኞ ማንም እንዳይገባ! አቶ ኤፍሬም፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እለምንዎታለሁ፤ እያንዳንዱ ዳዶ ይፈታ፣ እንደገና ይጥበቅ። ለቃሚዎቹ እህቶቼ፣ ቢጠሯችሁም እንዳትሄዱ። እኔ ከዚህ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምሄደው።

ወይዘሮ አማረች፣ ሩሐማ፣ ይቅር በሉኝ አልልም። ዛሬ ይሄ አይጠየቅም። ብቻ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብዬ ነው።

ጋሼ ይሄይስ፣ አንቱ ስልህ ትቆጣኝ ነበር፤ «አንቱታውን ለቀበሌ ተወው» እያልክ። አባቴ ነበርክ። በብረት አታምንም፣ በማሽን አታምንም፣ በሹፌርማ ጭራሽ አታምንም። እኔን ግን አመንከኝ። ልቤ ተቃጥሏል፣ ጋሼ። ደህና ሁን።

ወንድሞቼ፣ እኔ አካፋ አልይዝም። አፈሩን እናንተ አልብሱት።