የአምባዛና የቆሮሶ ሳህን

(በጣና ዳር፣ ረፋድ ላይ፤ አሳ አጥማጁ አያ ቢያድግልኝ በሟች ልጃቸው በአስረስ ጀልባ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መንጠቆ ያሰናዳሉ፣ ምራታቸው የሻረግ የዛሬውን አሳ በጆንያ ይዛ ፊታቸው ቆማለች።)

ቢያድግልኝ፦ አልኩሽ እኮ! ጀልባው ለወንድሜ ልጅ ለይበልጣል ነው። አለቀ፣ ደቀቀ!

የሻረግ፦ ጀልባው የአስረስ ነው፣ አባቴ። ባሌ ሞተ እንጂ ጀልባው አልሞተም። ይስጡኝና ሁለቱን ሴት ልጆቼን ላሳድግበት።

ቢያድግልኝ፦ በምን ልትቀዝፊው? በወጥ ማማሰያ? ሴት አሳ ስትጠብስ እንጂ ስታጠምድ የት አየሽ?

የሻረግ፦ የትም። ከነገ ጀምሮ እዚህ ይታያል።

ቢያድግልኝ፦ ኤዲያ! ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ። ይልቅ ወደ አባትሽ አገር ሂጂና ሽንብራሽን ልቀሚ።

የሻረግ፦ ሁለት ልጅ አንጠልጥዬ ብገባ የወንድሞቼ ሚስቶች ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩኝ አላጡትም። አልሄድም። አታውቅም ካሉ ይፈትኑኝ።

ቢያድግልኝ፦ እኔ? አንቺን? ወይ ጉድ! አርባ ዓመት ውኃ ላይ ኖሬ ለዚህ ልብቃ? እሺ፣ ያምጣው። እንኪ ይህን ክር በመንጠቆው ቀዳዳ አስገቢ።

የሻረግ፦ ይኸው።

ቢያድግልኝ፦ ይህንንም። ያንንም።

የሻረግ፦ ሦስተኛውንም? ይሄ ሁሉ ፈተና ነው?

ቢያድግልኝ፦ ዝም ብለሽ አስገቢ! አጥማጅ አፉ አይበዛም። አሁን ከጆንያው አንድ አውጪ። ምንድነው?

የሻረግ፦ ቆሮሶ። ጎኗ ሰፊ፣ የጀርባዋ ክንፍ እሾሃም፣ ቅርፊቷ ድርድር ያለ።

ቢያድግልኝ፦ ይህንንማ ትናንት ከአውቶብስ የወረደ እንግዳም ያውቀዋል። ቀጥይ!

የሻረግ፦ ነጭ አሳ። ይሄ ሸንቀጥ ይላል። ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ አፍ ይሄዳል፤ ያኔ እዚያ መረብ የዘረጋ የመጪውን ዓመት ጉርሱን በላ ማለት ነው።

ቢያድግልኝ፦ ስብከት አልጠየቅኩሽም! ሌላ።

የሻረግ፦ አምባዛ። ራሱ ጠፍጣፋ፣ ጢሙ ረጅም፣ ቆዳው ሙልጭልጭ። ቅርፊት የሚባል አልፈጠረበትም።

ቢያድግልኝ፦ ስለዚህስ?

የሻረግ፦ ስለዚህ ሆቴል ይገባል እንጂ መምሬ ታከለ ደጅ አይደርስም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላላ መጽሐፉ።

ቢያድግልኝ፦ ይህቺን እንኳ አወቅሽ። ከዚህ እጅ የወጣ አምባዛ ካህን ቤት ገብቶ አያውቅም! ቢያድግልኝ ሲባል ሰው የሚነሳልኝ ለምን መሰለሽ? እሺ፣ ቆሮሶን በምን ትይዢያታለሽ?

የሻረግ፦ በመረብ፣ ዳር ዳሩን ያለው የፊላ ሣር ሥር፣ ውኃው ጉልበት በሚደርስበት። በመንጠቆ አልደክምም።

ቢያድግልኝ፦ ተያዝሽ! ይበልጣል በመንጠቆ ሥጋ ሰክቶ ነው የሚጠብቃት።

የሻረግ፦ ባዶ ጆንያ ይዞ የሚመለሰውም ለዚያ ነው። ቆሮሶ ሥጋ ምን ሊያደርግላት? እሷኮ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት።

ቢያድግልኝ፦ ማን ነገረሽ?

የሻረግ፦ ሆዷ። አሥር ዓመት ሙሉ የእናንተን አሳ ሆድ የቀደድኩት እኔ አይደለሁ? የቆሮሶ ሆድ ውስጥ አረንጓዴ አተላ ነው ያለው። አምባዛ ሆድ ውስጥ ትሉም፣ ትንንሽ አሳውም፣ አንድ ቀን የሰው ካልሲም አግኝቻለሁ። እናንተ አሳን በውጭ ታውቁታላችሁ፣ እኔ በውስጥ።

ቢያድግልኝ፦ ምላስሽ ይረዝማል። አፏን ግጥም አድርጋ መረብ ላይ የምትገኝ ቆሮሶስ? ምን ሆና ነው?

የሻረግ፦ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ። እሷ ወደ ውኃዋ ትመለሳለች።

ቢያድግልኝ፦ ይህን አስረስ ነው የነገረሽ።

የሻረግ፦ አዎ። ነፍሱን ይማረውና እሱ ነው።

ቢያድግልኝ፦ ቢሆንም! አሳ ማወቅ ሌላ፣ ሰው መሆን ሌላ። አንቺ እንደሆነ ሰው ፊት የምታዋርጂ ነሽ። የልጄን ሙት ዓመት የረሳሁት መሰለሽ? ለመምሬ ታከለ ሳህኑን ይዤ ስሄድ፣ «ሎሚ ረስተዋል! ሎሚ ረስተዋል!» እያልሽ ነጠላሽ መሬት እየጠረገ ኋላዬ ስትሮጪ! ዲያቆናቱ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

የሻረግ፦ እሱን ይተዉት፣ አባቴ።

ቢያድግልኝ፦ አልተውም! የሎሚ ሯጭ ሁላ! ጀልባ ላይ ብትወጪስ ጨው ረሳሁ ብለሽ መሀል ባሕር ልትወርጂ ነው?

የሻረግ፦ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ይተዉት አልኩ።

ቢያድግልኝ፦ ይውጣ! ዘንዶውም ይውጣና እንየው!

የሻረግ፦ እንግዲያው ይስሙ። ሎሚው ሰበብ ነው። ይዘውት የሄዱት ለሆቴል ያዘጋጀሁትን ሳህን ነበር፤ የአምባዛ ሥጋ። የቆሮሶውን ነጠላዬ ሥር ደብቄ አመጣሁና፣ ሎሚውን ላድርግልዎ ብዬ ተቀብዬ፣ መምሬ ደጃፍ ላይ ለወጥኩት።

ቢያድግልኝ፦ ውሸታም! የአምባዛ ሥጋ ይቀላል፣ የቆሮሶ ነጭ ነው። ይህንንማ ዕውር እንኳ…

የሻረግ፦ ይጨርሱት እንጂ።

ቢያድግልኝ፦ ምኑን ነው የምጨርሰው?

የሻረግ፦ ክሩንስ ሦስቴ ያስገባሁት ለፈተና ነው?

ቢያድግልኝ፦ የዓይኔን ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?

የሻረግ፦ አስረስ በሕይወት እያለ። አልጋው ላይ ሆኖ «አባቴን እይልኝ» ብሎኛል። እኔም እያየሁልዎት ነው።

ቢያድግልኝ፦ ልጄን! ልጄን… ለማን ተናገርሽ?

የሻረግ፦ ለማንም። ቆሮሶ አፏን የምትገጥመው ወሬ አጥታ ነው? ልጅ ይዛ ነው።

ቢያድግልኝ፦ ድንቄም አጥማጅ! መቅዘፊያው ከጎተራው ጀርባ ነው። ነገ ማለዳ አብሬሽ እወጣለሁ፤ ሥራሽን ልይ።

የሻረግ፦ ይምጡ። ማየቱን ግን ለኔ ይተዉት።

ቢያድግልኝ፦ ይበልጣል ጀልባዬን ብሎ ሲመጣስ? ምን ልበለው?

የሻረግ፦ ያንሳል ይበሉት።