ማህተም የተመታበት አንድ ሰዓት

ጅጅጋ ቲኬት ቢሮዬ ቁጭ ብያለሁ፤ ከሀርሺን የመጡ አንዲት እናት ገቡና "ልጄ፣ ከስቶክሆልም ኦስሎ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ።

"አንድ ሰዓት ገደማ።"

"ወላሂ? ልጆቼ አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚያ ናቸው። 'ሩቅ ነው' እያሉኝ ሳይተያዩ አራት ዓመት! በል ጻፍልኝ፤ ማህተምም ምታበት።"

ለበረራ ሰዓት ማህተም መትቼ አላውቅም፤ ሴትዮዋ ግን ንቅንቅ አላሉም። ጽፌ መታሁበት። ወረቀቱን በስልካቸው አንስተው ለሁለቱም ላኩና ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ ወንድም አለህ?"

"አለኝ፤ ሐረር ነው ያለው።"

"መቼ ነው ያየኸው?"

ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

"ሐረር በመኪና ስንት ሰዓት ነው?"

"ሁለት" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ማህተሙን ከጠረጴዛው አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "በል፣ የራስህንም ጻፍ።"