የዳኛ ተኒክሊፍ ሩጫ

ሰው ምክር የሚሰማው ወይ ወድዶ ነው፣ ወይ አፍሮ ነው። ጎረቤቴ ኮሎኔል ፓርጀተር ወድደው ምክር ሲሰሙ ስላላየሁ፣ የቀረላቸው መንገድ ሁለተኛው ብቻ ነበር። እኔ ከሰፈር ትምህርት ቤት ያለፈ አልተማርኩም። ነገር ግን ቤቴ ከታላቁ የአልደርሚር አዳሪ ትምህርት ቤት ግንብ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ፣ ከግንቡ ወዲያ የሚባለው ሁሉ ሳልጠራው ይመጣልኛል። ይህን ግን በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በዓይኔም አይቼዋለሁ።

ከታላቁ ጦርነት በኋላ፣ በሰኔ ወር፣ የቀድሞ ተማሪዎች በሚሰበሰቡበት ቀን ነው። ለሻይ ግብዣው እንጆሪ በሁለት ቅርጫት ይዤ የክሪኬት ሜዳውን ሳቋርጥ ዝናብ ያዘኝና ወደ ተጫዋቾቹ ቤት በረንዳ ሮጥኩ። ኮሎኔሉ የትምህርት ቤታቸውን ከረቫት አስረው፣ አንዲት ጠብታ ሳትነካቸው ቆመው አገኘኋቸው።

«ወይዘሮ ግላድዊን! እንጆሪውን ዝናብ መታብኝ እንዳይሉኝ!»

«እንጆሪውስ ደህና ነው፤ የተመታሁት እኔ ነኝ። ምነው እንደ አልደርሚር ጎረምሶች ቅርጫቴን የሚሸከምልኝ አሽከር በኖረኝ!»

ይህን ያልኩት አውቄ ነው። በዚያ ሰሞን ኮሎኔሉ ፊት «አሽከር» ማለት፣ ንብ ቀፎ ላይ ጠጠር እንደ መወርወር ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአልደርሚር አዲስ የሚገባ ልጅ፣ የሎርድም ልጅ ቢሆን የቄስ፣ መጀመሪያ ለአንድ ትልቅ ተማሪ ሎሌ ይሆናል። ጫማ ይወለውልለታል፣ ዳቦ ይጠብስለታል፣ ጎህ ሳይቀድ ከምድር ቤት ሙቅ ውሃ ተሸክሞ አራት ፎቅ ይወጣለታል። ትልቁ ተማሪ ኮሪደር ላይ ቆሞ «ብላቴናአአ!» ብሎ ሲጣራ ደግሞ ትንንሾቹ ሁሉ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ፤ መጨረሻ የደረሰው ይላካል። ያልመጣ በልምጭ ይገረፋል፤ የሚገርፈውም መምህር ሳይሆን ያው ትልቁ ተማሪ ነው። በዚያ ቀን ከሻይ በኋላ የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባላት ይህ ልማድ ይቅር ወይስ ይቀጥል ብለው ድምፅ ሊሰጡ ነበር። ግማሹ ይቅር፣ ግማሹ ይቀጥል እንደሚል አገር ሁሉ ያውቃል። ሚዛኑን የሚደፋው የሰብሳቢው የኮሎኔል ፓርጀተር ድምፅ ብቻ ነበር።

«ይሳቁ፣ ይሳቁ» አሉኝ። «ሦስት መቶ ዓመት የቆመውን ዛሬ ሊያፈርሱት ነው። አፍራሹ ደግሞ የገዛ እህቴ ልጅ!»

አፍራሹም በስሙ እንደተጠራ ሁሉ የመምህርነት ካባውን በራሱ ላይ ጥሎ እየሮጠ በረንዳው ላይ ወጣ። ጃይልስ ይባላል፤ እዚያው ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ እዚያው ታሪክ የሚያስተምር ቀጭን ልጅ ነው።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ» አለና ካባውን አራገፈው።

«እስካሁን ደረቅ ነበርኩ» አሉት።

እኛ ዘንድ ሰው የምር ሲናደድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ያንሾካሹኩ ስለነበር፣ እኔም እንጆሪ የምመርጥ መስዬ ተጠጋሁ።

«አጎቴ፣ በትሕትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ልማድ ለልጁ ምን ያስተምረዋል?»

«መታዘዝን! ያልታዘዘ ማዘዝ አይችልም። እኔ ሻለቃ ጦር የመራሁት እዚህ ዳቦ ጠብሼ ነው።»

«መታዘዝስ ጥሩ ነው። ለሕግ ይታዘዝ፣ ለመምህር ይታዘዝ። ይህ ልጅ የሚታዘዘው ግን ለአንድ ጎረምሳ ኩርፊያ ነው። ዛሬ ዳቦው አረረ ተብሎ ይገረፋል፤ ነገ ያው ዳቦ አልበሰለም ተብሎ ይገረፋል። ይህ ፍርሃትን እንጂ መታዘዝን አያስተምርም።»

«ፍርሃትም ትንሽ ትንሽ ለሰውነት ይስማማል። እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።»

«የቀዝቃዛ ውሃውን ነገር ካነሱትማ» አለ ጃይልስ ቶሎ ብሎ፣ «ትንሹ ልጅ ሙቁን ውሃ ለጌታው ካደረሰ በኋላ ራሱ የሚታጠበው በረዶ በያዘ ውሃ ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ ያስላሉ። የበሽተኞቹ ክፍል ጠቦ፣ አስታማሚዋ ሁለት ሁለት ልጆች በአንድ አልጋ ራስና እግር አድርጋ አስተኝታለች። በጠዋት ክፍል ስገባ ግማሾቹ ያንቀላፋሉ፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ጫማ ሲወለውሉ ያደሩ ናቸው።»

«ታሪክ የምታስተምረው አንተ ስለሆንክ ይሆናላ የሚያንቀላፉት!»

ሳቄ አመለጠኝ። ጃይልስም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

«አጎቴ፣ እኔ ቀን ቀን የባሪያ ንግድ እንዴት እንደ ተሻረ አስተምራለሁ። ማታ ከክፍሌ በላይ ያንን ጥሪና የትንንሽ እግር ሩጫ እሰማለሁ። ዛሬ ልማዱ ከጸና ሥራዬን እለቃለሁ። ለማስፈራራት አይደለም። አፍሬ ነው።»

ኮሎኔሉ ደነገጡ፤ ልጁን ይወዱታል። ግን ሰው ሲደነግጥ ወደ ለመደው ይሸሻል።

«ማንም አልተጎዳም ጃይልስ! የዛሬውን የክብር እንግዳ ተመልከት። ዳኛ ኦብሪ ተኒክሊፍ። የእኔ ብላቴና ነበር፤ ጫማዬን እንደሱ የወለወለልኝ የለም! ዛሬ አገር የሚያከብረው ዳኛ ነው፣ ወዳጄም ነው፤ በየገናው ካርድ ይልክልኛል። እሱ ተጎዳሁ ካለ ድምፄ ያንተ ነው። ምስክሬ ወይዘሮ ግላድዊን ናቸው።»

«ተስማማሁ» አለ ጃይልስ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ቅርጫቶቼን አነሳሁ። አንዱን ጃይልስ ተቀበለኝ። ኮሎኔሉ ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊታችን ሄዱ።

የሻይ ግብዣው ድንኳን በሽበታምና በከረቫት ተሞልቶ ነበር። ዳኛ ተኒክሊፍ ወዲያኛው ጫፍ ላይ የሻይ ስኒያቸውን ይዘው ከርዕሰ መምህሩ ባለቤት ጋር ይጫወታሉ። ወፍራም፣ ራሰ በራ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። ሦስት ነፍሰ ገዳይ በስቅላት ሲቀጡ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም ተብሎ ይወራላቸዋል።

ኮሎኔሉ በመግቢያው ላይ ቆመው ጃይልስን ጠቀሱት። ሊጠይቋቸው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ የቀልድ ነገር መጣባቸውና ደረታቸውን ነፍተው፣ በዚያ የሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው ድንኳኑን አናጉት።

«ብላቴናአአአ!»

ምን ልበላችሁ! አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ ቀረ። አንድ ቄስ ኬካቸውን ጣሉ። ዳኛው ግን ስኒውን ለቀቁት። የርዕሰ መምህሩን ባለቤት በክርናቸው ገፍተው፣ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ተሹለክልከው፣ መሬት ያስቀመጥኩትን እንጆሪዬን ረግጠው ሮጡ። ያ ሁሉ አካል እንዲያ ይሮጣል ብሎ ማን ያምናል! ኮሎኔሉ ፊት ደርሰው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እጃቸውን ከሱሪያቸው ስፌት ጋር አጣበቁ። እያለከለኩ፣ በቀጭን ድምፅ ጠየቁ፦

«መጨረሻ የደረስኩት እኔ ነኝ?»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሌላ የሚስቅ ስላላገኘ ራሱ ዝም አለ። እኔ ለጨዋታ የማልሰንፍ ሴት፣ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። የትልቅ ሰው ገበና በአደባባይ ሲገለጥ የተመልካቹም ፊት ይቃጠላል።

ዳኛው መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፣ ቀጥሎ ሻይ የፈሰሰበትን ሱሪያቸውን። ከዚያ የት እንዳሉ የገባቸው መሰለኝ፤ ደማቸው ከአንገታቸው ወደ ራሰ በራቸው ሲወጣ ይታይ ነበር።

«ኦብሪ… ቀልዴን እኮ ነው» አሉ ኮሎኔሉ።

ጃይልስ ቶሎ ብሎ ዳኛውን ከድንኳኑ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸውና መሐረቡን ሰጣቸው። እኔም ውሃ ይዤ ተከተልኩ። ኮሎኔሉ አጠገባቸው ቆሙ፤ ለመቀመጥም ለመሄድም አልደፈሩም።

«ለምን ሮጥክ ኦብሪ?»

«እኔ አልሮጥኩም ፓርጀተር። እግሬ ነው የሮጠው። እኔ የደረስኩት ከእሱ በኋላ ነው።»

«ግን እኮ ደስተኛ ልጅ ነበርክ! ሁልጊዜ ትስቅ ነበር።»

«እስቅ ነበር። ያልሳቅሁ ቀን "አኩርፏል" ይባልና ልምጭ ይጨመርልኝ ነበር።»

«ማን ነበር የሚጨምረው?»

ዳኛው ቀና ብለው አዩዋቸው። የፍርድ አስተያየት አልነበረም፤ ገርሟቸው ነው።

«አንተ ነሃ።»

«አላስታውስም» አሉ ኮሎኔሉ። «በእግዚአብሔር፣ አላስታውስም።»

አሁን እኔ ምን ልጨምር? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የተባለው ለዚህ ነው። አልዋሹም፤ በእውነት ረስተውታል። ያሳፈራቸውም መርሳታቸው ነበር።

«ለዚህ አትዘን» አሉ ዳኛው። «እኔን የሚያሳፍረኝ የአንተ ልምጭ አይደለም። ከዓመታት በኋላ የእኔ ተራ ደረሰ። አንድ ትንሽ ልጅ ሙቅ ውሃ ይዞልኝ ሲወጣ እጁ ተንቀጥቅጦ ደረጃው ላይ ደፋው። ገረፍኩት። ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? "እፎይ፣ በመጨረሻ!" ነው ያልኩት። ያን ቀን ለመድረስ ስጠብቅ ኖሬ ነበር። ዛሬም ተከሳሽ ፊቴ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ መንቀጥቀጡ ያናድደኛል። ለምን እንደሚያናድደኝ እስከ አሁኗ ሰዓት አላውቅም ነበር። ስንቱን ሰው በዚህ ንዴት ፈረድኩበት ይሆን?»

ጃይልስ ክርክሩን ያሸነፈ ሰው አይመስልም። አንገቱን ደፍቶ «አጎቴ፣ እንዲህ እንዲሆን አልፈለግሁም» አለ።

«ዝም በል አንተ ልጅ» አሉት ኮሎኔሉ፤ «ትክክል መሆንህ ይበቃኛል፤ ደግ አትሁንብኝ።»

ስብሰባው በቤተ መጻሕፍቱ ነበር፤ ሻይ ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ሰማሁ። አንዱ አባል ተነሥቶ ስለ አባቶች ወግ ረጅም ንግግር አደረገ። ደጋፊዎቹ አጨበጨቡ፤ ኮሎኔሉ ግን አላጨበጨቡም። ተራቸው ሲደርስ ተነሡ።

«ክቡራን» አሉ፣ «ዛሬ ከሻይ በፊት ይህ ልማድ ሰው ያደርጋል ብዬ ነበር። የሠራነውን ሰው በድንኳኑ ውስጥ ሁላችሁም አይታችኋል። ጓደኛዬን በሕዝብ ፊት ያዋረድኩት ዛሬ መስሏችኋል። ዛሬ የተሰማው ብቻ ነው። ያዋረድኩት የዛሬ ሃምሳ ዓመት ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ስኮራበት ኖሬአለሁ። ልማዱ ይቅር።»

ልማዱም ቀረ። የሆነውን በመስከረም አየነው። ትልልቆቹ ጫማቸውን ራሳቸው መወልወል ግድ ሆነባቸውና፣ የተማሪዎቹ አለቃ አንድ ሳምንት ሙሉ አንዱን እግር በጥቁር ሌላውን በቡኒ ቀለም ቀብቶ ሲንገላወድ ታየ። ውሃ የሚያሞቀው ጋን በቧንቧ ወደ ፎቆቹ ሁሉ ተሳበና ትንሹም ትልቁም በሙቅ ውሃ መታጠብ ጀመረ፤ በዚያ የብርድ ወራት አስታማሚዋ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ አንድ አልጋ ተረፋት። ልጆቹ ደወሉ እስኪደወል ተኝተው ስለሚነሡ በጃይልስ ክፍል የሚያንቀላፋ ጠፋ፤ ኮሎኔሉ ግን ትምህርቱ ስለተሻሻለ ነው ብለው እስከ ዛሬ አላመኑለትም። ትልልቆቹም አንድ ነገር ተማሩ፤ ጫማ በጩኸት አይጠራም።

አንባቢዬ፣ አንተም ቤትህ ውስጥ «እኛም በዚህ አልፈናል» እየተባለ የሚቆይ ልማድ ካለ መርምረው። «አልፈናል» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ አላለፈም፤ እዚያው ቆሞ ተረኛ ይጠብቃል። ልጅ ክብር ያለውን ታዛዥነት የሚማረው ከሚያከብረው ሰው ነው። የተዋረደ ልጅ የሚማረው ማዋረድን ነው። ንጽሕናም ቢሆን፣ እንቅልፍም ቢሆን፣ ዕውቀትም ቢሆን ለትንሹ ሲደርስ ትልቁ የሚጎድልበት ነገር የለም።

በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሎኔሉ በአጥሬ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ለንደን ደርሰው ዳኛውን ጠይቀው መመለሳቸው ነበር።

«ይቅርታ ጠየቅሁት» አሉኝ። «በስሙ ጠርቼ።»

«እሰየው ኮሎኔል! እንግዲህ ልብዎ ይረፍ።»

«ኦብሪ ብቻውን እኮ አልነበረም ወይዘሮ ግላድዊን። ከእሱ በፊትም በኋላም ብላቴኖች ነበሩኝ። እነሱንም ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ምን ያግድዎታል?»

አንድ የፌዝ ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

«ስማቸውን አላውቀውም» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም።»