«ቀላል ናት» አለ

አያልነሽ፣ ነይ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ። ዝናቡ አባራ? ከኪሊማኒ በእግርሽ መጣሽ? ጎበዝ... የአሥር ደቂቃ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው እኮ ጠፋ! ዓይኔን አትዪው፣ ሽንኩርቱ ነው። ደህና ነኝ።

በረንዳው ላይ ማነው አልሽ? ደንበኛ ነው... ፒኪፒኪውን፣ ያቺን ዶቅዶቄውን፣ ይወለውላል። ተይው፣ አይሰማንም። እሷን ሲይዝ መቼ ሰው ይሰማል?

እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል? ብቻ ጨዋ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ሁርሊንግሃም እኔ ዘንድ ሲበላ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም... ደግ ቃልም ቢሆን እንዲሁ በዋዛ አይወጣውም። ቁጥብ ነው። እኔ ሞኟ ቁጥብነቱን ዓይን አፋርነት ነው ብዬ፣ ቅልጥሙን ለእሱ ሳስቀር ኖርኩ።

ታዲያ በጥቅምት ከጓደኛው ከጓንጉል ጋር እዚሁ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ «ቅዳሜ ወደ ቤቴ ላመጣት ነው» ሲል ሰማሁት። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። «ቀላል ናት» አለ። ሌላ ሰው ቀላል ቢለኝ በጭልፋው እለው ነበር! ደግሞስ እኔ በየት በኩል ነው ቀላል? እንደምታዪኝ ነኝ። ፍቅር ዓይኑን ጋርዶት ነው አልኩ። «ድምጿ ግን ወፍራም ነው» አለ። ይሄንንስ ማን ይክዳል? መንገድ ላይ ማታቱ ታክሲ የማስቆመው በድምፄ አይደል? «ከትልቅ ቤት የወጣች ናት። አባትየው በወጣትነቱ ራሱ ተወዳዳሪ ነበር፤ ዘሯ በሙሉ አሸናፊ ነው።» አባቴ ጉግስ ይጫወት እንደነበር ከማን ሰማ ብዬ ዕንባዬ መጣ፣ እህቴ።

በዚያው ሳምንት አስቻለው፣ ያ ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጠው፣ ሽማግሌ ላከብኝ። ምን ብዬ መለስኳቸው መሰለሽ? «ቃል አለብኝ»! ማን ነው ቃል የሰጠኝ? ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። ከደርግ ቀበሌ ተደብቄ፣ ሞያሌን በእግሬ ተሻግሬ የመጣሁ ሙሉሸዋ... በዶቅዶቄ ተያዝኩ!

ቅዳሜ ፀጉሬን ተሠርቼ ጠበቅሁ። መጣች። አንድ ሲሊንደር፣ የጣልያን ፋብሪካ ሥራ፣ የገጠር ሞተር ሆና የአስፋልት ጎማ የገባላት። አባትየው ያለው ለካ የፋብሪካውን መሥራች ኖሯል! ደጄ ላይ አቁሞ፣ «ሙሉሸዋ፣ እንዴት ናት?» አለኝ። ምን ልበል? «ታምራለች» አልኩ። ደግሞም ታምራለች። ወገቧማ ከእኔ ይሻላል።

ዕውቀቱንስ አየሽ? ፋብሪካው በየእሽቅድምድሙ የበላውን ዋንጫ ከነዓመተ ምሕረቱ ይቆጥርልሻል። ለእናቱ ለመጨረሻ ጊዜ ደብዳቤ የጻፈው መቼ እንደሆነ ብትጠይቂው ግን... ሰው ሁሉን ማስታወስ ይችላል እንዴ? ንጽሕናውስ! ካንዴላዋን በጥርስ ብሩሽ ነው የሚያጸዳላት። ብልሃቱስ! የኋላ መቀመጫውን ያከብዳታል ብሎ አስነቀለው። አሁን ማን ሊቀመጥበት ኖሯል?

አስቻለው? በጥር አገባ። የሠርጉን ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይጣፍጣል ብለው ጨረሱት። እኔ ጓዳ ቆሜ ድስት ሳጥብ አለቀስኩ፤ ያን ጊዜም ሽንኩርት ነው አልኩ።

ምነው፣ ጮክ አልኩ እንዴ? መወልወሉን አቆመ? ምን ነካው... እኛ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው። እኔ ደግሞ ለዚያ ሰውዬ ደግ ደጉን እንጂ ሌላ አልመኝለትም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከመረጣት ጋር አንድ ቀን እንኳ ሳይለያዩ ያስረጃቸው... ሁለቱን ብቻ።